ስሙ ያልተጠራው በር

አክ-ጃር፣ ናሪን
ማርች 2 ቀን 1999 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ ኩዳጊዬ ለማሪፓ፣ ኖቮሲቢርስክ

ያሳደጓትን የእህትዎን ልጅ ለልጄ ሰጥተውኝ ኩዳጊ፣ የጋብቻ ዘመድ፣ ከተባባልን እነሆ አራት ዓመት ሊሞላን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በዚያ በሰው አገር ሆስፒታል ቀን ሙሉ የሚያጥቡት አንሶላ እጅዎን እንዳያደርቀው፣ ወገብዎን እንዳያጎብጠው አላህን እለምናለሁ። ከብቶቻችን ብርዱን ከሞላ ጎደል አልፈዋል፤ የሞተብን አሥራ አንድ በግ ብቻ ነው። የልጅ ልጃችን ሜሪም ሁለት ዓመቷን ደፍናለች። ጥርሷን አውጥታ ጨርሳለች፤ ከሰው ሁሉ እኔን አስበልጣ ትወዳለች።

ይህን የምጽፍልዎ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን ሽማግሌው፣ የልጆቼን አባት ማለቴ ነው፣ ፈረሶቹን ሊያዩ ከብርድ ወራት ሰፈራችን ተነስተው ወደ ማዶ ተሻገሩ። የተሻገሩበትን የተራራ በር እርስዎም ያውቁታል፤ ለሠርጉ ሲመጡ ያለፉት በዚያ ነው። ስሙን አልጽፈውም። የባሏንም የባሏን አባትም ስም፣ ስሙን የሚመስለውንም ቃል ሁሉ እንደማትጠራ የማታውቅ የኪርጊዝ ሴት የለችም። ከቀትር በኋላ ፈረሱ ባዶ ኮርቻውን ይዞ ብቻውን ተመለሰ። እኔ ጥርሴን ላስነቅል ናሪን ወርጄ ነበር። ልጄ ኤርመክ ገበያ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ የነበረችው ሚስቱ፣ ምራቴ ጂፓር ብቻ ናት፤ የእርስዎ ጂፓር።

ሕፃኗን አዝላ እስከ መንገድ ሠራተኞቹ ጎጆ ሮጣለች፤ ይህን አልክድም። እዚያ ስልክ አለ። ናሪን ላለው መንገድ ጠባቂ ደውላ ሰው በረዶ ውስጥ እንደቀረ ነገረችው። «የት?» አላት። «ካቱ-ቤል» አለችው። ጠንካራው በር ማለቷ ነው፣ እኛ ሴቶቹ በቤታችን ውስጥ እንደምንለው። በአውራጃው ግን በእውነት ካቱ-ቤል የሚባል ሌላ በር አለ፤ ከእኛ በተቃራኒው፣ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ። ጠባቂው «ካቱ-ቤል ነው ያልሽኝ? እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቋታል። የሰውየውንም ስም ጠይቋታል። ዝም አለች። ከዚያ «የልጄ አያት» አለችው። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

የጠባቂው መኪና ካቱ-ቤል ሄዶ ባዶ በረዶ ሲቆፍር ዋለ። ሽማግሌውን ስድስት ሰዓት ሙሉ በረዶ ውስጥ ከቆዩ በኋላ ያገኛቸው ኤርመክ ነው። ግራ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተቆርጧል።

ጎረቤቱ ሁሉ ከድንጋጤ ነው ይላል። እኔ ግን ምራቴን አውቃታለሁ። ከእልኸኝነት ነው፤ አፈጣጠሯ ነው። ራስዎ በሽምግልናው ዕለት «ይቺ ልጅ አንዴ ከያዘች አትለቅም፣ እናቷም እንዲሁ ነበረች፣ አላህ ይማራት» ብለው ሲስቁ ሰምቼዎታለሁ። ያን ጊዜ የመሰለኝ ቀልድ ነበር። ለካ ደም ነው፤ የእህትዎ ደም።

የጎሣችን ሽማግሌዎች በጎቹ ወልደው ሲያበቁ፣ ኤፕሪል 25 ቀን ይቀመጣሉ። ፍርዱ ካሁኑ የታወቀ ነው። ጂፓር ወደ ዘመዶቿ ትመለሳለች፤ ሜሪም ከአባቷ ቤት አትወጣም። ከእርስዎ ሌላ ዘመድ ስለሌላት ወይ መጥተው ይውሰዷት ወይ ሰው ይላኩ። ከዚህ የከፋ ቃል በመሐላችን እንዳይገባ እመኛለሁ።

ጤናውን አብዝቶ ይስጥዎ።

ኡልካን


ኖቮሲቢርስክ
ማርች 27 ቀን 1999

ለኩዳጊዬ ለኡልካን

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎ በአውቶቡስ ሹፌሩ ኪስ ውስጥ ሃያ አራት ቀን ተንከራትቶ ትናንት ደረሰኝ። የታሽታን እግር አሳዝኖኛል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ስሙን እንደጻፍኩት አዩ? ታሽታን። ሰማይ አልተደፋም። እሱ ያለፈበት በር ደግሞ ታሽ-ቤል ይባላል፤ በካርታም ላይ፣ በመንገዱ ዳር ባለው ምልክትም ላይ እንዲሁ ተጽፏል። ታሽ ደግሞ ድንጋይ ነው። አንድ ሰው ታሽታን ተብሎ ስለተወለደ የእናንተ ቤት ሴቶች ድንጋዩን ሁሉ «ጠንካራ» ሲሉ ይኖራሉ!

ስለ ጂፓር የጻፉትን ሳነብ ደሜ ፈላ። አንሶላውን ማሽን ውስጥ ትቼ ደጅ ወጣሁ። አለቃዬ ሰው የሞተብኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

አፈጣጠሯ ነው አሉ? እንግዲያው አፈጣጠሯን እኔ ልንገርዎ፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከአውራጃ የመጣ ተቆጣጣሪ ክፍሏ ገብቶ የመንደራችንን ወንዝ ስም አበላሽቶ ጠራ። ጂፓር ብድግ አለች። «እንዲያ አይባልም» አለችው። መምህሯ «ተቀመጪ» አለቻት። «እሳቸው በትክክል ሲጠሩት እቀመጣለሁ» አለች። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ መጨረሻ ላይ ጠራው። ያኔ ተቀመጠች። እንግዲህ ይቺ ናት በስልክ የቦታ ስም መጥራት ያቃታት! ዝምታ በደሟ ውስጥ የለም፤ በእናቷም ደም አልነበረም። እህቴ ስትስቅ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ዝምታውን ከየት እንዳመጣችው ልንገርዎ? በተዳረች በመጀመሪያው ወር የጻፈችልኝ ደብዳቤ እዚህ ሣጥኔ ውስጥ አለ። እንግዳ በተቀመጠበት «ጫማዬ ውስጥ ታሽ ገባ» ብላ አመለጣት። እርስዎ ተነስተው አንድ ሳህን የጨው ውሃ አመጡ። በእንግዳው ሁሉ ፊት ሦስት ጊዜ አፏን አስጉመጠመጧት፤ በሦስተኛው አስመለሳት። ከዚያ «አሁን ንጹሕ ምራት ሆንሽ» አሏት፣ እንግዶቹም አጨበጨቡ። አጨበጨቡ! ኩዳጊዬ፣ የእርስዎ ቤት ጨው የሚያጥበው አፍ ብቻ አይመስለኝም፤ ይህን ደብዳቤ የጻፉልኝ ዓይንዎንም በጨው ታጥበው ነው።

ያን ዕለት እዚያ ስልክ አጠገብ አፏን የያዛት የእርስዎ ጨው ነው። ሕፃን አዝላ በበረዶ የሮጠች ልጅ ሰው ልትገድል አትሮጥም። አማቷ የዘጋችውን አፍ ስልክ አንስታ ልትከፍተው አልቻለችም፤ ነገሩ ይኸው ነው። በስድሳ አምስት ዓመቱ በፌብሩዋሪ በረዶ ብቻውን ተራራ የሚሻገር ሰውስ አይጠየቅም? ነው ወይስ የእሱም አፈጣጠር የእህቴ ደም ነው?

ጂፓር ጥፋተኛ ተብላ ከዚያ ቤት አትወጣም። የምትወጣ ከሆነ ሜሪምን ይዛ፣ ቀና ብላ ትወጣለች። ይህን ለሽማግሌዎቻችሁ ያንብቡላቸው። ታሽ የሚለውን ቃል ስትደርሱበት ጆሮአችሁን ድፈኑ።

ማሪፓ


አክ-ጃር
ኤፕሪል 12 ቀን 1999

ለማሪፓ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የኑሮዎን ነገር አልጠየቅኩም ብለው አይቀየሙኝ።

የልጆቼን አባት ስም ወረቀት ላይ ደጋግመው ጽፈዋል። ደብዳቤውን ያነበብኩት እሳቸው በተኙበት ክፍል ውስጥ ነበር። እንደ ሌባ አጥፌ ደረቴ ውስጥ ደበቅሁት። ሰድበው የጻፉልኝን ቃል ሁሉ ችዬዋለሁ፤ ይህን ግን አልቻልኩትም። እርስዎ እዚያ ሩሲያ ውስጥ ሆነው በሰው ፊት መቅለል እንደማይከብድዎ ገብቶኛል።

ጨውን በተመለከተ፣ አዎ፣ አድርጌዋለሁ። አልደብቅም፤ በእንግዳ ፊት ነው ያደረግሁት፣ ተደብቄ አይደለም። እኔ ወደዚህ ቤት ስገባ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የእኔ አማት ጨው አልነበራትም፤ በአመድ ነው ያጠበችኝ። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ስም አልጠራሁም፤ አፌም አልጠፋም፣ ሰውም አልሞተብኝም። ሰባት ልጅ ወልጃለሁ፣ በሶቪየቱ ዘመን ለወተት ሥራ ሜዳልያ ተሸልሜአለሁ። ሰብሳቢው በጭብጨባው መሐል «የማን ሚስት ነሽ?» ሲለኝ «የዚያ የረጅሙ ሰው» አልኩት፤ አዳራሹ ሁሉ ገባው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። እኔ ሦስት ምራት አለኝ። ሦስቱም እዚህ ቤት ገብተዋል፣ ሦስቱም ያንኑ ሳህን ጨርሰዋል። ትልቋ ካኒምጉል ጀርባዬን ሳዞር ቃሉን እንደ ማስቲካ ታላምጠዋለች። ጆሮ አለኝ፣ እሰማለሁ፤ እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ። ልጇ ፍየል ወግታው የወደቀ ዕለት የአማቷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የፕሬዚዳንቱን ስም ሁሉ እየጠራች ስትጮህ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። መካከለኛዋ ራካት በሹክሹክታ ትለውና ወዲያው አፏን በእጇ ትይዛለች። ጂፓር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዋን ስትሆን እንኳ ብላው አታውቅም። ማንም ያላዘዛትን ለሕፃኗ እንኳ አስተማረቻት። ሜሪም ዛሬ ደጅ ወጥታ ድንጋይ ስታነሳ «ጠንካራ» ትላለች። ሌላውን ቃል አታውቀውም!

ቤቱ አንድ ነው፣ ጨዉም አንድ ነው፣ አማቲቱም እኔው ነኝ። ታዲያ ጥፋቱ የቤቱ ከሆነ ሦስቱም ስልኩ አጠገብ ዲዳ መሆን ነበረባቸው። ካኒምጉል ብትሆን ኖሮ ሽማግሌው ዛሬ በሁለት እግራቸው ይሄዱ ነበር። ይህን ልብዎ ያውቀዋል። ስለዚህ ልጅቷ ናት፤ ከእርስዎ ቤት ይዛው የመጣችው ነገር ነው።

ሌላም ልበልዎ፤ መጀመሪያ ላለመጻፍ አስቤ ነበር። ባለፈው ዓመት ጂፓር ትኩሳት ይዟት ሦስት ቀን አስታመምኳት። በሦስተኛው ቀን እያለቀሰች «ወዴት እመለሳለሁ?» አለችኝ። «ማን ተመለሺ አለሽ?» አልኳት። የተዳረች ዕለት አክስቷ መኪናው አጠገብ ወስዳ ያለቻትን ነገረችኝ። «ሄድሽ። ከእንግዲህ ወደኋላ አትዪ። አንዲት ስሞታ ከሰማሁ አላውቅሽም።» ይህን ያሉት እኔ ነኝ እንዴ? እኔ አፏን በጨው አጠብኩት፤ መመለሻዋን የዘጋው ሌላ ሰው ነው።

ኤፕሪል 25 እንዳልኩት ነው። መኪናው ይቆማል፣ ሻንጣዋ ይጫናል።

ኡልካን


ኖቮሲቢርስክ
ኤፕሪል 21 ቀን 1999

ኡልካን፣

እርስዎ ማለቱን ትቼዋለሁ። አንቱታው ንዴቴን እየሸፈነልኝ እውነቱን እንዳልነግርሽ ከለከለኝ። በዕድሜ ትበልጪኛለሽ፤ ይቅር ካልሽ ይቅር በይ፣ ካላልሽም ተዪው።

አዎ ብያታለሁ። መኪናው አጠገብ፣ እጇን ይዤ፣ አንድም ቃል ሳይቀር እንዳልሽው ብያታለሁ። ለምን መሰለሽ? በማግስቱ ወደ ሩሲያ ልሄድ ትኬት ቆርጬ ነበር። ቤቱን ሸጫለሁ። ተመልሳ ብትመጣ የምትገባበት ክፍል የለኝም። ያንን በግልጽ መንገር ሲያሳፍረኝ የተቆጣሁ መስዬ ተናገርኳት። እሷ ደግሞ ቁጣዬን አመነችው። ይኸውልሽ፣ አሁን አወቅሽ። ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ግን ቆዪ፣ ገና አልጨረስኩም። ሦስት ምራት፣ አንድ ጨው አልሽ። እኔም ይህን ሳነብ ለሁለት ቀን ልክ መስለሽኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጂፓር ሰባት ዓመቷ ሳለ ከሥራ እስክመጣ ጎረቤቴ ደጃፍ ላይ እንድትጠብቀኝ ነግሬአት ሄድኩ። «እኔ ሳልመጣ ከዚህ ደጃፍ ንቅንቅ እንዳትዪ» አልኳት። አውቶቡሱ ተበላሸ። ዝናብ ጣለ። ጎረቤቴ ግቢ ብላ ለመነቻት፣ ባሏም ሊያነሳት ሞከረ፤ በሩን በሁለት እጇ አንቃ ያዘች። ስደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል። «አልተነቃነቅኩም» አለችኝ፣ ኩራት በኩራት ሆና። ሌላ ልጅ ቢሆን ሁለት ጠብታ ሲነካው ይገባ ነበር። እሷ ግን የተባለችውን እስከ መጨረሻው የምታደርግ ሰው ናት። ወንዙን በትክክል ጥሪው ብትያት እስከ መጨረሻው ትጠራዋለች። አትጥሪ ብትያትም እስከ መጨረሻው አትጠራም። ያቺው ልጅ ናት፣ ኡልካን! ተናግራ ያስቸገረችውም ዝም ብላ ያስቸገረችውም ያቺው ናት።

አንቺም ይህን አውቀሻል። ጨውሽን ካኒምጉል ትተፋዋለች፣ ራካት ታላምጠዋለች፣ ጂፓር ትውጠዋለች፤ በሳምንቱ አይተሽዋል። አይተሽም ደስ አለሽ። «ምራት እንደ ጂፓር» እያልሽ ለመንደሩ ያወራሽው እኔ ጆሮ ድረስ መጥቷል። ያቺን የመሰለች ምራት ሌላ ቦታ ብትገባ ሌላ ሰው ትሆን ነበር፤ ሌላ ምራት ቤትሽ ብትገባ ደግሞ ጨውሽ ባዶ ውሃ ነበር። እሷና ቤትሽ ሲገናኙ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። እኔ ደግሞ ያችን በሩን አንቃ የያዘችውን ልጅ እያወቅኋት «አትመለሺ» ብዬ ላክኋት። እዚህ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቆሜ ራሴን ልመታ እየቃጣኝ ነው። በአንቺ ተናድጃለሁ፣ በታሽታን ተናድጃለሁ፣ በራሴም አብዝቼ ተናድጃለሁ።

ሽማግሌዎቹ ይጠብቁ። ፈቃዴ ሜይ 20 ይጀምራል፤ በዚያው ቀን አውቶቡስ እይዛለሁ። ሁለቱንም ወደ እኔ እወስዳቸዋለሁ። አሁን ክፍል አለኝ። ጠባብ ነው፣ ግን አለኝ።

ማሪፓ


አክ-ጃር
ሜይ 5 ቀን 1999

ማሪፓ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከትናንት ወዲያ ነው። ሹፌሩ ድንበር ላይ ጎማ ፈንድቶበት ሳምንት ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ኤፕሪል 25 ተቀምጠው ተነስተዋል። እኔም አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ የጀመርሽው አንቺ ነሽ። የሆነውን እንደሆነ እጽፍልሻለሁ፣ ሳላስውብ።

በቤታችን ሰፊው ክፍል ነው የተቀመጡት። የእኛ ሽማግሌ ትራስ ተደግፈው፣ እግራቸው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ከመሐል ተቀመጡ። መንገድ ጠባቂው በክቱር ከናሪን መጥቶ መሰከረ። ቀጥዬ እኔ ተናገርኩ። ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ ተናገርኩ፣ ስለ ደሟም ጭምር። ሚስቱ ስትወቀስ ልጄ ኤርመክ አቀርቅሮ የምንጣፉን ጥለት ይቆጥራል። እኔ የወለድኩት ነው፣ ምን እላለሁ።

ያልጠበቅሁት ካኒምጉልን ነበር። ሻይ ልትቀዳ ገብታ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና «አባቶቼ፣ እኔ ቀጣፊ ስለሆንኩ ነው የተረፍኩት። እሷ የዋህ ሆና ነው። የምትቀጡት የዋህነትን ከሆነ ንገሩንና ሁላችንም ቀጣፊ እንሁን» አለች። ራካት በእጇ አፏን ያዘች። እኔ ካኒምጉልን «ውጪ!» አልኳት። አልወጣችም።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ሳዲር ወደ ጂፓር ዞረ።

«ልጄ፣ ሌላ ካቱ-ቤል እንዳለ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች።

እኔ «አያችሁ!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ታዲያ ለምን?»

«መጀመሪያ ቃሉ አልወጣ አለኝ። አፌ ውስጥ አለ፣ ግን አይወጣም። ሰውየው ደጋግሞ ሲጠይቀኝ ደግሞ እልህ ያዘኝ። ያስተማራችሁኝ ይኸው አይደል፣ እዩት እንግዲህ፣ አልኩ በልቤ። ብዙ ጊዜ አይደለም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ ተጸጸትኩና ልለው አፌን ከፈትኩ፣ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ስደውል አልሠራም አለ። ወደ ታች መንደር ስሮጥ ነው ኤርመክን ያገኘሁት። እሱንም ወደ እውነተኛው በር የላክሁት እኔ ነኝ።»

ኤርመክ ይህን ነግሮኝ አያውቅም ነበር። አተኩሬ አየሁት፤ ዓይኑን አላነሳም።

አንድ ሽማግሌ «እንግዲህ ራሷ አምናለች» አለ። በዚህ ጊዜ የልጆቼ አባት ትራሳቸውን ወደ ጎን ጣሉት።

«እኔም ልመን» አሉ። «በየድግሱ ምን እያልኩ እንደማወራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የትንሹ ልጄ ሚስት ለድንጋይ እንኳ ሌላ ስም አወጣችለት፣ ክብሬ ይኸውላችሁ፣ እያልኩ ነው። ሳዲር፣ አንተ አንድ ቀን ጫማዋ ውስጥ ድንጋይ ጨምረህ ምን እንደምትል ልንፈትናት ብለኸኝ አልሳቅንም? እሷ ስታነክስ እኛ ሳቅን። ያኔ አንዲት ቀን 'ልጄ፣ በችግር ጊዜ ጥሪው' ብላት ኖሮ እግሬ ይኖር ነበር። አልሁ? አላልኩም፤ ጣፍጦኝ ነበር። ሕፃኗ ከእናቷ ጋር ናት። ሌላ ፍርድ የሚፈርድ ካለ ከቤቴ ይውጣ።»

«አንቺ ደግሞ» አሉ ወደ ጂፓር ዞረው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስሜን እንደፈለግሽ ጥሪው።»

«አልፈልግም» አለች። «እስከ ዛሬ ያልጠራሁት ስለከለከላችሁኝ ነው። አሁን የማልጠራው ስላልፈለግሁ ነው። ይለያያል።»

በማግስቱ ጂፓር ሜሪምን አዝላ ወደ ናሪን ወረደች። እሷን አልከለከልኳትም። በሽማግሌው ላይ ግን ጮኼባቸዋለሁ፤ አርባ አንድ ዓመት አፌን ዘግቼ የጠበቅሁትን ክብር በአንድ ቀን ለሰው ሁሉ ሳቅ አደረጉት ብዬ። «ታዲያ አንቺም ጥሪኝ» አሉኝ። ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ። እስካሁን በቅጡ አልተነጋገርንም።

ወደ አንቺ አትመጣም፤ ትኬትሽን ስትቆርጪ ይህን እወቂ። ናሪን ውስጥ አንዲት መበለት ጋ ክፍል ተከራይታለች፤ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ኤርመክ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርዳል። አንዳንዴ ታስገባዋለች፣ አንዳንዴ አታስገባውም።

ትናንት እኔ ወረድኩ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር። አይተሽዋል ያልሽውን፣ አይተሽም ደስ አለሽ ያልሽውን ሁሉ ተሸክሜ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው የሄድኩት፤ ይህን የምጽፈው እንኳ ጥርሴን እያፋጨሁ ነው። ዳቦ ቤቱ ጓሮ አገኘኋት፤ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። ተቀመጪ አላለችኝም። የአንቺን ሁለት ደብዳቤዎች ሰጠኋት፣ እኔ የጻፍኩልሽን ደግሞ በአፌ ነገርኳት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቆማ አነበበች። አንዴም አላለቀሰችም።

«ጨረሳችሁ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እኔን መከፋፈል። እርስዎ ደሟ ነው ይላሉ፣ አክስቴ የእርስዎ ቤት ነው ትላለች። ቆይታ ደግሞ አይ እኔ ነኝ ትላለች። እርስዎም ይኸው ጥፋቱ የኔ ነው ሊሉኝ አርባ ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ መጡ። እማማ፣ ያን ዕለት ስልኩ አጠገብ ማን ነበር?»

«አንቺ።»

«ሁለታችሁ ነበራችሁ?»

«አልነበርንም።»

«ያቺ አንዲት ትንፋሽ የኔ ናት። ጨው አልሰጠኝም፣ እናቴም አላወረሰችኝም። እኔ ነኝ ያደረግኋት፤ ሌት ተቀን የምሸከማትም እኔ ነኝ። ሌላውን ሁሉ ወስዳችሁብኛል፤ ጥፋቴን እንኳ ተዉልኝ!»

ጩኸቷን ሰምተው ሴቶቹ ከውስጥ ወጡ። ያ ድምፅ፣ ማሪፓ፣ እኔ ቤት አራት ዓመት ሙሉ ተሰምቶ አያውቅም። ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ደብዳቤዎቹን መለሰችልኝና ወደ ሊጧ ዞረች። ሜሪምን ላያት ብዬ ጠየቅኋት፤ «ተኝታለች» አለችኝ። አልተኛችም ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር።

አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ እስከ አክ-ጃር ድረስ የምናደድበት ሰው ስፈልግ መጣሁ።

ኡልካን